የሶሬቲ «ኤ»

ሐረገወይን ሸዋንግዛው በዚያ ዓመት የደከማት ትምህርቱ አልነበረም። ትምህርቱንማ ታነበዋለች፣ ታስታውሰዋለች፣ ፈተና ሲመጣ ትጽፈዋለች። የደከማት ሰው ነው። ሰው በዛባት። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ሰው፤ ቧንቧው ጋ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሰው፤ ካፌ በር ላይ ካርዱን ይዞ የሚጋፋ ሰው፤ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው። ልትተኛ ስትል እንኳ ከላይኛው አልጋ የሰው እግር ተንጠልጥሎ ታያለች። ሰው ሰላም ባላት ቁጥር መልሱን ከሆዷ ፈልጋ እስክታወጣው ሰላም ያላት ሰው አልፎ ሄዷል። ያንን ሁሉ ቀን እንዲህ ስትለፋ ውላ፣ ማታ አንድም ሰው ሳታነጋግር እንደዋለች ትዝ ሲላት የባሰ ይደክማታል።

ዓይን አፋር ነበረች፤ ያውም የዓይን አፋሮች አለቃ። ነገሌ ሳለች ግን ይህ ችግር መሆኑን አታውቅም። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አብረዋት የተማሩት ልጆች ያው ናቸው። የፍርድ ቤቱ የአቶ ሸዋንግዛው ልጅ መሆኗን የማያውቅ ባለሱቅ ስላልነበረ ራሷን ለማንም አስተዋውቃ አታውቅም። በአሬሮ በኩል ባለው መንገድ አቧራ ስትጠጣ ውላ ያቤሎ ስትወርድ ግን ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው አልጠበቃትም። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብታ «ስሜ እገሌ ይባላል» ማለትን ከዜሮ መጀመር ነበረባት። አልጀመረችም። ካፌ ብቻዋን መግባት አቅቷት የመጀመሪያዎቹን ቀናት እናቷ ባሠረችላት ዳቦ ቆሎ ኖረች። ዳቦ ቆሎ ደግሞ ለመንገድ እንጂ ለሴሚስተር የተሠራ ምግብ አይደለም።

ያዳነቻት ሶሬቲ ናት። ሶሬቲ ጉዮ የደረሰችው ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ነው፤ ከዱብሉቅ ወዲያ ካለ መንደር፣ በኢሱዙ ተጭና፣ አንዲት የማዳበሪያ ከረጢት ይዛ። የአባቷ ከብት በድርቁ አልቆ ነበርና የቀረው ቤተሰብ እርዳታ ወደሚታደልበት ሄዷል፤ የሸኛት ሰው አልነበረም። ዶርም ስትገባ፣ ሃይሚ የምትባለው የአዲስ አበባ ልጅ ኢርፎኗን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ሐረገወይን ደግሞ የምታነብ መስላ አንድ ገጽ ላይ ከተተከለች ቆይታለች። ሶሬቲ ከረጢቷን አስቀምጣ የሐረገወይን አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«አካም? ናጋ?»

«ናጋ» አለች ሐረገወይን።

«ቤት ናጋ? አባት ናጋ? ከብት ናጋ?»

ሐረገወይን ቤተሰቧ ከአንዲት ድመት በቀር ከብት እንደሌለው በኦሮምኛ ነገረቻት። ድመቷም ደህና መሆኗን ጨመረችላት።

«ኤ» አለች ሶሬቲ በቁም ነገር፣ ድመትም ነፍስ ነው በሚል ድምፅ። ቀጥላም በአማርኛ ጠየቀች። «በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ተነስ። እንሂድ።»

በሶሬቲ አማርኛ ሰው ሁሉ ወንድ ነው። ሐረገወይንም በዚያ ቀን ወንድ ሆና ካፌ ገባች፤ ትኩስ ነገር በላች፤ የበላችው ሽሮም ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ከቀመሰችው ሽሮ ሁሉ ጣፈጣት።

የሶሬቲ ነገር እንዲህ ነው። ሰው ሲናገር ዝም አትልም። አቋርጣ የራሷን ወሬ ታወራለች ማለት አይደለም፤ አንድ ሐረግ በተናገርክ ቁጥር «ኤ» ትላለች። ቀጥ ያለ፣ አጭር፣ ከጉሮሮ የሚወጣ «ኤ»። ቦረና አገር ተናጋሪን ብቻውን መተው ነውር ነው። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይቀበለዋል፤ የሚቀበለው ያጣ ሰው የሚያዳምጠው የለም፣ አለዚያም የተቀየመው አለ ማለት ነው። ሐረገወይን ይህን የነገሌ ልጅ በመሆኗ ታውቀዋለች። በልጅነቷ ለአባቷ ምሳ ይዛ ፍርድ ቤት ስትሄድ፣ ሽማግሌው ምስክር አንድ ቃል ተናግሮ ቆም ሲል፣ አባቷ ከመዝገቡ ቀና ሳይል «ኤ» ይለዋል፤ ያኔ ሽማግሌው ይቀጥላል። የአባቷ አያት ከመንዝ የመጡ ሰው ናቸው እንጂ አባቷ ራሱ ተወልዶ ያደገው ነገሌ ነው። «እንዲህ ካላልኩትማ» ይላታል ምሳውን እየበላ፣ «ይህ ምስክር ለከርሞም አይጨርስም።»

ሐረገወይን ግን «ኤ» ለእሷ ተብሎ ሲወጣ የሰማችው ገና አሁን ነው። ቤት ውስጥ ትንሿ እሷ ናት፤ የሚያወሩት ሌሎች፣ የምታዳምጠው እሷ። ከሶሬቲ ጋር ሲሆን ግን አንድ ነገር ተናግራ ልትተወው ስትል «ኤ» ይመጣል፤ ያ «ኤ» ደግሞ ሌላ ቃል ይጎትታል። እንዲህ እንዲህ እያለች ስለ እናቷ የደም ግፊት አወራች፤ በካፌው ሰልፍ ስለምትፈራቸው ሲኒየሮች አወራች፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ማንም እንደማይፈልጋት እንደሚሰማትም አወራች። ሶሬቲ ምክር አትሰጥም፣ አታባብልም፣ «ኤ» ብቻ። ሃይሚ አንዳንዴ ኢርፎኗን አውልቃ «እናንተ ልጆች ሬዲዮ ናችሁ እንዴ?» ትላቸዋለች። ሐረገወይን በሕይወቷ ሬዲዮ ተብላ አታውቅምና ደስ አላት፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ።

ክፍል ውስጥ ግን ሶሬቲ ድምፅ አልነበራትም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይነጉዳል፣ እሷ የምትይዘው ከአሥር ቃል ሁለቱን ነው፤ ያልገባውን ነገር ደግሞ ሰው እንዴት ብሎ ይቀበለዋል? ሐረገወይን ዶርም ውስጥ በኦሮምኛ ታስረዳታለች። በተለይ ሎጂክ የሚባለው ኮርስ ሶሬቲን አስመርሯታል። የሚያስተምረው ጥሩሰው የሚባል ከጎጃም የመጣ ወጣት መምህር ነው። ያቤሎ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ወዳጅ አላፈራም፤ ሲያስተምር የሚያየው ከተማሪዎቹ ራስ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው። ተማሪው ደግሞ የሚያየው ስልኩን ነው። ሁለቱም ወገን ተሰላችቶ ሰዓቱ ያልቃል።

የሚድ ፈተና አልፎ፣ ውጤቱ ከፍቶ በወጣበት ሰሞን አንድ ቀን ጥሩሰው እንግሊዝኛውን ተወው። ቾኩን አስቀመጠና በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ ጀመረ።

«እሺ፣ ከመጀመሪያው እንነሳ። መነሻችንን ፕሪሚስ እንለዋለን። ላሞች ሁሉ ሳር ይበላሉ።»

«ኤ» አለች ሶሬቲ።

ሐረገወይን አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ሰማች። ከፊት ያሉት ጥቂቶች ዘወር አሉ።

«ቡሬ ላም ናት» አለ ጥሩሰው።

«ኤ» አለች ሶሬቲ፣ አሁን ጮክ ብላ። ፊቷ በርቷል። ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቀን ያልገባት ሎጂክ በላም በኩል ዞሮ መጥቶላታል። ሐረገወይን ዞር ብላ ስታያት፣ አገሯ የገባች ሰው ነበር የምትመስለው።

«ስለዚህ ቡሬ ሳር ትበላለች።»

«ኤ። ሳር ካለ።»

ክፍሉ በሳቅ አበደ። የኋላዎቹ ወንበር ደበደቡ፤ አንዱ «ኤ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ተከተለው፤ ከየጥጉ «ኤ! ኤ!» ሆነ። ጥሩሰው ቀልቶ ሲያበቃ ገረጣ። እንግሊዝኛውን ትቶ በቀላሉ ላስረዳ ያለው ለእነሱው ብሎ ነበር፤ ያንን ነው የሳቁበት።

«ተነሺ። አዎ፣ አንቺ። እኔ እዚህ የቆምኩት ላስቃችሁ ነው?»

ሶሬቲ ተነሳች። ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር፤ የሆነው ነገር አልገባትምና። ያ ፈገግታ ይባስ አበሳጨው።

«አሁንም ትስቃለች። ውጪ። ይቅርታ ሳትጠይቂ ክፍሌ አትገቢም።» ከዚያ ዓይኑ ሐረገወይን ላይ አረፈ። «ጓደኛሽ አይደለች? ምን ሆና ነው?»

ስድሳ ራስ ወደ ሐረገወይን ዞረ። ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «መቀበሏ ነው፣ አገሯ እንዲህ ነው» ማለት። ዓረፍተ ነገሩ አፏ ውስጥ ነበረ። ግን ዴስኩ ላይ አንገቷን ደፋች።

«አላውቅም» አለች።

ሶሬቲ ይህን ሰማች። አማርኛዋ ለዚህ ይበቃ ነበር። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሶሬቲ አልተኮሳተረችም፤ ብትኮሳተር ይሻል ነበር። ጠዋት «አካም» ትላለች፣ ቀድማ ከተነሳች ለሐረገወይንም ውሃ ትቀዳላታለች፣ ካፌ አብረው ይሄዳሉ። ግን «ኤ» ቀረ። ሐረገወይን አንድ ነገር ጀምራ ትጠብቃለች፤ ምንም አይመጣም። ሶሬቲ እያየቻት፣ እየሰማቻት፣ ዝም። ሁለተኛውን ቃል መጨመር ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ መጣል ሆነባትና ወሬዋን እየቆረጠች ትተወዋለች። ሬዲዮው ተዘጋ። ሃይሚ እንኳ ኢርፎኗን አውልቃ «ተጣልታችሁ ነው?» አለች። ሐረገወይን ያለፉትን ወራት ሁሉ የተናገረችው እሷ ራሷ ጎብዛ ይመስላት ነበር። አሁን የማን ጉልበት እንደነበረ ገባት፤ ገብቷትም አፈረች።

ሶሬቲ ሎጂክ ክፍል አልተመለሰችም። ቀሪ በበዛ ቁጥር ኮርሱ እንደሚበላሽ፣ አንድ ኮርስ ሲበላሽ ደግሞ ዓመቱ እንደሚበላሽ ታውቃለች።

«አንድ ጊዜ ይቅርታ በይውና ይለቅሻል» አለቻት ሃይሚ። «እኔ ለስንቱ ይቅርታ ብያለሁ መሰለሽ፣ ሳላጠፋ።»

«ጥፋቱ ምንድን ነው?» አለች ሶሬቲ።

«ኧረ ተይው፣ ጥፋት ምን ያደርግልሻል? ይቅርታ በቃ ይቅርታ ነው።»

«እኔ አገር ጥፋትህን ሳትናገር ይቅርታ ካልክ ውሸት ነው። እሱ ሲናገር እኔ ተቀበልኩት። እኔ ዝም ብል ነበር ጥፋት።» ከዚያ ከረጢቷን ከአልጋው ሥር ሳበችና ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። «ሐሙስ የዱብሉቅ ገበያ ነው፣ መኪና አለ። እሄዳለሁ። ቤት ሰው ያስፈልጋል።»

የትኛው ቤት? ለማለት ሐረገወይን አፏን ከፈተች። የሶሬቲ እናትና ታናናሾቿ ሸራ ሥር እንዳሉ፣ አባቷ ጉዮ ያለ ከብት ምን እንደሚሠራ ጠፍቶት ጥላ ለጥላ እንደሚውል ሶሬቲ ራሷ ነግራታለች። እዚያ ቤት ለአንድ ተጨማሪ አፍ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ያላቸው ተስፋ እዚህ የተቀመጠችው ልጅ ነበረች። ሐረገወይን ይህን ሁሉ እያወቀች አፏን መልሳ ዘጋችው።

በዚያ ምሽት ለአባቷ ደወለች። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረችው፤ «አላውቅም» ያለችውን ብቻ ዘለለችው።

«እዚያ አስተዳደር ውስጥ የሚሠራ አንድ የማውቀው ሰው አለ» አለ አቶ ሸዋንግዛው። «ልደውልለት?»

ሐረገወይን ልትል የፈለገችው «እባክህ» ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያንን ነበር የፈለገችው። አባቷ ይደውላል፣ ሰውየው ለሌላ ሰው ይነግራል፣ ነገሩ ከራሷ በላይ ሄዶ ያልቃል፤ እሷ አልጋዋ ላይ ተሸፋፍና ትጠብቃለች። ግን ሰውየው ምን ብሎ ያስረዳል? ክፍሉ ውስጥ አልነበረ። የሶሬቲን ፊት አላየ።

«መምህሩ እኔን ነበር የጠየቀኝ፣ አባዬ» አለች። «አላውቅም አልኩት።»

አባቷ «ኤ» አለ፣ ድክም ባለ ድምፅ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ የመምህራን ቢሮ ወዳለበት ሕንፃ ሄደች። ደረጃው ሥር ደርሳ ተመለሰች። ላይብረሪ ገብታ ተቀመጠች፤ ወጣች፤ እንደገና ሄደች። ደረጃውን ወጥታ በሩ ፊት ስትቆም እጇ ለማንኳኳት ተነስቶ አየር ላይ ቀረ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጥሩሰው ስልክ እያወራ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ በመስኮቱ ወደ ውጪ ያያል።

«እህ... እሺ እማዬ... አዎ... እህ... እህ... ውይ፣ እሺ...»

እናትየው ብዙ የሚያወሩ ሰው መሆን አለባቸው፤ እሱ አንድም ሙሉ ቃል ሳይናገር ረጅም ጊዜ አለፈ። ሐረገወይን እዚያ እንደ ጅብራ ተገትራ ሰማችው። በልቧ የሸመደደችው ንግግር ነበራት፤ «የተከበሩ መምህር፣ እኔ የመጣሁበት ምክንያት» ብሎ የሚጀምር። ስልኩን ዘግቶ ዞር ሲልና ሲያያት ንግግሩ ብን ብሎ ጠፋ።

«ምን ነበር?»

«ይቅርታ» አለች። ከአፏ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

«አንቺማ ምን አደረግሽ? እሷ ናት መምጣት ያለባት።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሸሚዙ ትናንት የለበሰው ነው። «ሂጂና እሷን ላኪያት።»

ሐረገወይን ልትወጣ ዞረች። የበሩ እጀታ ላይ እጇን አሳረፈች። ነገ ሐሙስ መሆኑ ትዝ አላት። የሶሬቲ ከረጢት ታስሮ አልጋው አጠገብ መቀመጡ ትዝ አላት። ዞራ ሳታየው፣ ለበሩ የምትናገር ይመስል፣ ጀመረች።

«ቲቸር፣ እናትዎ ስልክ ላይ እያወሩ እርስዎ ዝም ቢሉ ምን ይላሉ?»

«ምን?»

«እህ ባይሏቸው። ዝም ብቻ ብለው ቢሰሙ።»

ጥሩሰው ግራ ገባው። መልሱ ግን ሳያስበው መጣ። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አለህ ወይ ትላለች። የተቋረጠ ይመስላታላ።»

«ሶሬቲም አለሁ ማለቷ ነው» አለች ሐረገወይን፤ አሁን ዞራ። «እሷ አገር ሰው ሲናገር ዝም አይባልም። ዝም ካሉት ተጠልቷል ማለት ነው።»

«እህ» አለ ጥሩሰው።

ያቺ «እህ» ብዙ አልነበረችም፤ ለሐረገወይን ግን በቃቻት። «እስከዛሬ ክፍል ውስጥ ዝም ትል የነበረው አልገባት ብሎ ነው። በዚያ ቀን ስለ ላም ሲያስረዱን ገባት። ስለገባት ነው የተቀበለችዎት።»

«እሺ፣ እሱስ ይሁን። ሳር ካለ ማለቷስ? ክፍሉን ያሳቀችው እኮ እሱ ነው።»

«የአባቷ ከብት በድርቁ አልቋል፣ ቲቸር። አንድ አልቀረም። አልቀለደችም።»

ጥሩሰው ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ሐረገወይን እንባ እየመጣባት እንደሆነ አወቀች፤ ከመፍሰሱ በፊት ያን የከበዳትን ልትጥለው ፈለገች።

«ያን ቀን ምን ሆና ነው ሲሉኝ አውቅ ነበር» አለች። «አላውቅም ያልኩት ፈርቼ ነው።»

«ነገ ጠዋት ክፍል አለን» አለ ጥሩሰው በመጨረሻ። ወደ መስኮቱ ነበር የሚያየው። «ትምጣ በያት።»

ይቅርታ አላለም፤ መምህር ነዋ። ሐረገወይን ደረጃውን ወርዳ ታች ግንቡ ላይ ቁጭ አለች። ደስታ የሚባል ነገር አልተሰማትም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትሸከም የዋለች ያህል ነበር የደከማት።

ዶርም ገብታ ለሶሬቲ በኦሮምኛ ነገረቻት፤ ከደረጃው ሥር መመለሷን፣ ስልኩን፣ እናትየውን፣ ስለ ከብቱ የነገረችውን፣ «አላውቅም» ያለችው ውሸት እንደነበረ መናገሯን። ሶሬቲ ከረጢቷ አጠገብ ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አንድም ጊዜ አልተቀበለቻትም። ሐረገወይን ያለ ተቀባይ፣ እየተሰበረች፣ እየቆመች፣ እንደ ምንም ጨረሰችው።

«ዛሬ ብዙ ተናገርህ» አለች ሶሬቲ። ከዚያም ከረጢቷን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። ጥቂት ብቻ፤ ጫፉ ይታይ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ክፍል መጣች። ስትገባ ከኋላ አንዱ ድምፁን ቀጭን አድርጎ «ኤ» አለ፣ ጥቂቶች ሳቁ። ሶሬቲ ከሐረገወይን አጠገብ ተቀመጠች፣ እጆቿን ዴስኩ ላይ አጣምራ ከንፈሯን ገጠመች። የዱብሉቁ መኪና ከረፋዱ በፊት አይነሳም፤ ሐረገወይን ይህን አልረሳችውም። ከረጢቱም አልተፈታም። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነገር መኪናው ከመነሳቱ በፊት መሆን ነበረበት።

ጥሩሰው ገባ። ማንንም ሳያይ ሰሌዳው ላይ የዚያን ቀኑን ጻፈ። ላሞች ሁሉ ሳር ይበላሉ። ቡሬ ላም ናት። የተማሪው ሹክሹክታ ተነሳ፤ ሁሉም የሚመጣውን ሳቅ እየጠበቀ ነው። ጥሩሰው ትንሽ ቆየና ከሁለቱ ሥር ሦስተኛ መስመር ጨመረ። ሳር አለ።

«ባለፈው አንድ ፕሪሚስ ረስቼ ነበር» አለ፣ አሁንም ጀርባውን እንደሰጠ። «ይህ ሦስተኛው ከሌለ ድምዳሜያችን አይቆምም። ያረመኝ ሰው ነበረ፤ እኔ ከክፍል አስወጣሁት።»

ዞረ። ከግድግዳው ላይ ዓይኑን አውርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎቹን አየ።

«እንግዲህ እንደገና። ላሞች ሁሉ ሳር ይበላሉ» አለና ቆመ።

መቆሙ ግልጽ ነበር። እየጠበቀ ነው። ስድሳ ተማሪ እርስ በርሱ ተያየ። ሶሬቲ ከንፈሯን እንደገጠመች ናት፤ ሐረገወይን ከጎን አየቻት፤ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ባለፈው «ኤ» ብላ የደረሰባትን ታውቃለች። አንድ ሰው እንደዚያ ከተባረረ በኋላ የመጀመሪያዋን ድምፅ ከራሱ አያወጣም። ጥሩሰው ቾኩን በጣቶቹ መካከል አዞረ። ፊቱ ላይ ያ የድሮው መሰላቸት መመለስ ጀመረ፤ ሊያልፈው፣ በእንግሊዝኛ ሊቀጥል ነው። እየተናገሩ የሚቀበል ማጣት ምን እንደሚመስል ሐረገወይን ትናንት አይታዋለች።

«ኤ» አለች።

ቀጭን ነበር፤ ግማሹ ትንፋሽ ነው። ግን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ። ስድሳው ራስ ዞረ። ዓመቱን ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ነገር ይኸው መጣ፤ ሁሉም ሰው እሷን ያያል። ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ፊቷ ነደደ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ጥሩሰው ግን አልሳቀም። አያት፣ ራሱን ነቀነቀና ቀጠለ።

«ቡሬ ላም ናት።»

አሁንም ቆመ። ሐረገወይን አንገቷን ደፍታለች፤ የነበራት ድፍረት በአንዲቱ አልቋል። የሶሬቲ ክርን ጎኗን ነካ።

«እየጠበቀህ ነው» አለች ሶሬቲ በሹክሹክታ። «ሰውየውን ብቻውን አትተወው።»

«አልችልም» አለች ሐረገወይን። «በቃኝ።»

«ኤ» አለች ሶሬቲ ቀስ ብላ፣ ለእሷ ብቻ፣ እንደ ድሮው። ሐረገወይን ይህን ድምፅ ከሰማች ሰንብታለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ሶሬቲ ቀና አለችና ከንፈሯን ከፈተች፤ ሁለተኛውን «ኤ» ሁለቱ አብረው አሉት።